መውደቅ ሳልማር ማረፍ አልቻልኩም

ባለፈው ወር ኤ ላይሰንሴን ያዝኩ። ለማታውቁት፣ ኤ ላይሰንስ ማለት በአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር ደንብ ቢያንስ 25 ጊዜ ዘሎ ፈተናውን ያለፈ ሰው የሚያገኘው የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። ከዚህ በኋላ ያለ አሰልጣኝ ክትትል መዝለል እችላለሁ። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ላይሰንሱ አይደለም። ላይሰንሱን ወራት ስላዘገየብኝ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ማረፍ።

እንደምዘል የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ አውሮፕላኑ በር ነው። "በሩ ላይ ስትቆሚ አትፈሪም?" እፈራለሁ እንጂ። አሁንም እፈራለሁ። 13,000 ጫማ ላይ በሩ ተከፍቶ ቀዝቃዛው አየር ሲገባ ሆዴ ይገለባበጣል። ግን ያ ፍርሃት ከበሩ እንደወጣሁ ይጠፋል። አልጠፋ ያለኝ ሌላኛው ነው። ፓራሹቱ በሰላም ተከፍቶ፣ ሁሉ ነገር ደህና ሆኖ፣ መሬት እየቀረበች ስትመጣ የሚይዘኝ።

መጀመሪያ መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የመጀመሪያ ዝላዬ ታንደም ነበር፤ ከአሰልጣኝ ጋር ታስሬ። ከዚያ ኤኤፍኤፍ በሚባለው ሥልጠና ገባሁ። ሙሉ ቀን መሬት ላይ ትማራላችሁ፣ ከዚያ ሁለት አሰልጣኞች ግራና ቀኝ ይዘዋችሁ አብረዋችሁ ይዘላሉ። አንድ ደቂቃ ያህል በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። እየቆየ አንዱ ይቀራል፣ በኋላ ለብቻችሁ ናችሁ። ይህ ክፍል ብዙም አላስቸገረኝም። ወገብ ወደ ፊት፣ አገጭ ቀና፣ እግር ዘርጋ፤ ሰውነት ቶሎ ይለምደዋል። ፓራሹት ማጠፍ ደግሞ ትዕግስት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ሃንጋር (የአውሮፕላን ማደሪያ) ወለል ላይ ተንበርክኮ ደጋግሞ ማጠፍና መፍታት። ቤተሰብ ምን አለ ለምትሉኝ፣ እናቴ "እግዚአብሔር ይጠብቅሽ" ብላ ዝም ብላለች፤ ስዘል በዋልኩ ቁጥር ግን ማታ ትደውላለች።

አሁን ወደ ማረፉ።

የዛሬው ፓራሹት ክንፍ ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ ውስጡ አየር የሚሞላ ጨርቅ ነው፤ ዝም ብሎ አይወርድም፣ ወደ ፊት ይበራል። ሁለት እጀታ አለው። ግራውን ስትስቡ ወደ ግራ፣ ቀኙን ስትስቡ ወደ ቀኝ ይዞራል። ለማረፍ ደግሞ መሬት ጥቂት ሜትር ሲቀራችሁ ሁለቱን እኩል ወደ ታች ትስባላችሁ። ያን ጊዜ ወደ ፊት የነበረው ፍጥነት ወደ ላይ ወደሚያነሳ ኃይል ይቀየራል፤ ጨርቁ ለአፍታ ያንሳፍፋችኋል፣ እናንተም በእግራችሁ ትቆማላችሁ። ፍሌር የሚሉት ይህንን ነው። በትክክል ከተሳበ ከአንድ ደረጃ የመውረድ ያህል ቀላል ነው።

በትክክል ከተሳበ። ከፍ ብላችሁ ከሳባችሁት ፍጥነቱ አየር ላይ ያልቅና ከዚያ ከፍታ ትወድቃላችሁ። ዘግይታችሁ ከሳባችሁት ሳትቀንሱ መሬት ትመታላችሁ። አንዱን እጅ ከሌላው አስበልጣችሁ ከሳባችሁት ጨርቁ ወደዚያ ይዞራል። እኔ ሁልጊዜ ከፍ ብዬ ነበር የምስበው። ሁልጊዜ። አሰልጣኞቼ በሬዲዮ "ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን!" ሲሉኝ ደህና አርፋለሁ። ሬዲዮው የወጣልኝ ቀን ግን ችግሩ ተመልሶ መጣ። ቂጤ ላይ፣ ጉልበቴ ላይ፣ አንዳንዴም ፊት ለፊት። አንድ ጊዜ የእጅ አንጓዬ ተወልምጦ ሳምንታት ከመዝለል ቀረሁ።

ሁሉም ምክር ነበረው። "አድማሱን እይ።" "እስከ ሦስት ቁጠሪ።" "የዛፎቹን ጫፍ ተመልከች።" "ዩቲዩብ ላይ የሌሎችን አያያዝ እይ።" ሁሉንም ሞከርኩ። ቪዲዮ እስኪሰለቸኝ አየሁ። ስለ ቪዲዮ ያለኝ አስተያየት ጠንከር ያለ ነው፤ የራሳችሁን ማረፍ ሰው ቀርጾላችሁ ማየት እጅግ ይጠቅማል፣ የሌላ ሰው ማረፍ ማየት ግን ጊዜ ማባከን ነው። ከውጭ የሚታየው ከፍታና ከላይ ሆናችሁ የምታዩት ከፍታ በጭራሽ አይገናኙም።

የረዱኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው።

የምዘልበት ሜዳ ላይ ቅዳሜ ማታ የመጨረሻው በረራ ሲያርፍ የሚሄደው ይሄዳል፣ የቀረው ሃንጋሩ ፊት ወንበር ዘርግቶ እሳት ያነዳል። እዚያ የማይጠፉ ጥቂት አዛውንቶች አሉ። አንዳንዶቹ መዝለል ካቆሙ ቆይተዋል፤ መምጣት ግን አላቆሙም። ወሬያቸው ሁሉ ስለ ድሮ ሜዳዎች ነው። መጀመሪያ ላይ ከአክብሮት ነበር የምቀመጠው። በኋላ ግን ቅዳሜን የምጠብቀው ለዚያ ሰዓት ሆነ።

ሰማንያ የተጠጉት አንዱ ሰውዬ የጀመሩት በ1960ዎቹ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኦሬንጅ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ኦሬንጅ ለዚህ ስፖርት ትልቅ ስም ናት። ፓሪስ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባው ዣክ አንድሬ ኢስቴል በ1959 እዚያ ማዕከል ከፈተ፤ በአሜሪካ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ የመጀመሪያው የንግድ መዝለያ ማዕከል ነው። ከዚያ በፊት መዝለል የወታደርና የአየር ትርኢት ሰዎች ሥራ ተደርጎ ነበር የሚታየው። ኢስቴል ግን ጤነኛ ሰው ጥቂት ሰዓት በደንብ ከሠለጠነ በዚያው ቀን በሰላም ሊዘል ይችላል ብሎ ተነሳ። በ1962 የዓለም ሻምፒዮና ራሱ እዚያች ከተማ ተካሄደ።

ዕቃቸውን ሲነግሩኝ መጀመሪያ አላመንኩም። አብዛኛው ከጦር ሠራዊት የተረፈ ነው። 28 ጫማ የሚሰፋ ክብ ጨርቅ፣ ለአውሮፕላን አብራሪዎች ማምለጫ የተሠራ። ዘላዮቹ ከጀርባው በኩል ጨርቁን ቆርጠው ክፍተት ያወጡለታል፤ በክፍተቱ የሚወጣው አየር ጨርቁን ትንሽ ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ትንሽም እንዲዞር ያደርገዋል። መሪ ማለት ይኸው ነው። ዋናው ፓራሹት ጀርባ ላይ፣ መጠባበቂያው ሆድ ላይ። ከፍታ መለኪያውና የሩጫ ሰዓቱ መጠባበቂያው ላይ ይገጠማሉ። እግር ላይ ከባድ ቦት። ጀማሪው የሚዘለው ሴስና ከሚባል ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ 3,000 ጫማ ገደማ ላይ የአውሮፕላኑን ክንፍ የሚደግፈውን ብረት ይዞ ውጭ ይቆማል፣ ትዕዛዝ ሲሰጠው ይለቃል፣ ከአውሮፕላኑ ጋር የታሰረው ገመድ ፓራሹቱን ይከፍትለታል። ስታቲክ ላይን ይሄ ነው።

በጣም የወደድኩት ስለ ወረቀቱ የነገሩኝን ነው። ያኔ ጂፒኤስ የለም። ከመዝለላቸው በፊት ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ረጅም ባለቀለም ወረቀት ከአውሮፕላኑ ይጥላሉ። ወረቀቱ ክብ ፓራሹት በሚወርድበት ፍጥነት እንዲወርድ ተለክቶ የተሠራ ነው። ንፋሱ የት እንዳደረሰው ያያሉ። ከዚያ ያንኑ ያህል ርቀት ከሜዳው በተቃራኒው፣ ንፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ሄደው ይዘላሉ። ስሌቱ ከተሳሳተ ጫካ ነው፣ ወይ የሰው እርሻ፣ ወይ አውራ ጎዳና። ሰውዬው ስለ ዛፎች ያላቸው እውቀት የሚገርም ነው፤ የትኛው ዛፍ ቅርንጫፉ እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚሰበር ያውቃሉ።

አሁን ማረፉን አስቡት። ያ ክብ ጨርቅ ፍሌር የሚባል ነገር የለውም። በሰከንድ ወደ 6 ሜትር እየወረደ እስከ መጨረሻው በዚያው ፍጥነት ነው መሬት የሚደርሰው። አስልቼዋለሁ፤ ወደ 1.8 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ላይ ከመዝለል ጋር እኩል ነው። በዚያ ላይ ንፋሱ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ይገፋል። አብዛኞቹ ሜዳዎች መሀላቸው ላይ ትንንሽ ድቡልቡል ጠጠር የሞላበት ጉድጓድ ነበራቸው። እዚያ ላይ ማረፍ ለውድድር ዒላማ ነው፣ ለቁርጭምጭሚት ደግሞ ምሕረት።

ነገሩ ከጥንትም እንዲሁ ነው። ፈረንሳዊው ጋርነሪን በ1797 ፓሪስ ላይ ከፊኛ ሲወርድ ጨርቁ በኃይል እያወዛወዘው ነው መሬት የደረሰው። አሜሪካዊው ሌስሊ ኧርቪን በሚያዝያ 1919 ኦሃዮ ውስጥ ከአውሮፕላን ዘሎ በራሱ እጅ ፓራሹቱን ከፍቶ በነፃ የመውረድን መንገድ ሲያሳይ፣ ፓራሹቱ ጥሩ አድርጎ ሠራ፣ እሱ ግን ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱን ሰበረ። ሰማዩን አሸንፎ መሬቷ ሰበረችው። ይህን ሲነግሩኝ ለራሴ ትንሽ አዘንኩ፣ ትንሽም ተጽናናሁ።

አንድ ቅዳሜ እኚሁ ሰውዬ ማረፌን ቆመው ሲያዩ ዋሉ። ማታ ወደ እሳቱ ስመጣ ጠሩኝ።

"ዓይንሽ ምንም አልሆነም" አሉኝ። "ከፍታውን አሳምረሽ ነው የምታዪው። ስለምትፈሪ ነው ቀድመሽ የምትስቢው። የምትፈሪው ደግሞ እንዴት እንደምትወድቂ ስለማታውቂ ነው።"

መውደቅ ተምሬያለሁ አልኳቸው። እውነትም ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ትምህርት ላይ ሁላችንም ተሰልፈን ከዝቅተኛ መድረክ ላይ ጥቂት ጊዜ ዘለን ተንከባለናል። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። በእሳቸው ጊዜ ግማሽ ቀን የሚዘለለው ከመድረክ ላይ ነበር። ሌላ የሚያድን ነገር ስላልነበረ።

በማግስቱ ከሃንጋሩ ጀርባ ያለው አሮጌ የጠጠር ጉድጓድ ጋ ወሰዱኝ። ጠርዙ ላይ አንድ ሜትር የማይሞላ የእንጨት ደረጃ አለ። ከእሱ ላይ አዘለሉኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ።

አወዳደቁ እንዲህ ነው። ሁለቱ እግሮች ይጣበቃሉ፤ ቁርጭምጭሚት ከቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት ከጉልበት። ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል፣ አይገተርም፣ አይለሰልስም። አገጭ ደረት ላይ። ክርን ወደ ጎን ተሰብስቦ፣ እጅ ፊት ለፊት። መጀመሪያ የእግር መዳፍ ፊተኛው ክፍል ይነካል። ወዲያው ሰውነት ወደ ጎን ዞር ይላል፤ የባት ጎን፣ የታፋ ጎን፣ ዳሌ፣ ከዚያ በጀርባ ጎን በኩል ሰያፍ ሆኖ እስከ ትከሻ። አምስት ቦታ በተርታ። የምቱ ኃይል አንድ አጥንት ላይ ከማረፍ ይልቅ በመላ ሰውነት ይከፋፈላል። ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ሁለት ነገር ነው የሚያበላሸው። አንደኛው እግር ነው። ሰው ሲወድቅ በደመ ነፍስ አንዱን እግር ያስቀድማል፤ ያኔ ሙሉ ክብደቱ በአንድ ቁርጭምጭሚት ላይ ይወርዳል። ሁለተኛው እጅ ነው። መሬትን በእጅ መያዝ እንፈልጋለን፤ አንጓ የሚሰበረው ለዚያ ነው። በዚያ ላይ እጀታዎቹን እንደያዝን እጃችንን ወደ አንድ ጎን ከዘረጋን ፓራሹቱም ወደዚያው ይዞራል፣ አወዳደቁ የባሰ ይሆናል። የእኔ አንጓ የተወለመጠው በዚህ መንገድ ነበር።

እግሬ እምቢ አለ። ሲወርድ ይከፈታል። አውቄው አይደለም፤ ሳላውቀው ይከፈታል። ሰውዬው "እንደገና" ይላሉ፣ እንደገና እዘላለሁ፣ እንደገና ይከፈታል።

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅኩት ቦታ ነው። የጓደኛዬ አባት እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። በወጣትነታቸው አየር ወለድ ነበሩ። ደብረ ዘይት ነው የሠለጠኑት። አንድ እሑድ ቤታቸው ቡና እየጠጣን ጓደኛዬ ነገረቻቸው። ዝም ብለው አዩኝ።

"ማን አስገደደሽ ልጄ?" አሉኝ መጀመሪያ።

"ወድጄ ነው ጋሼ።"

"ወድደሽ?" ብለው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ስኒያቸውን አስቀምጠው "እስቲ ተነሺ" አሉኝ። ሳሎኑ መሀል አቆሙኝ። እግሬን አዩ፣ ጉልበቴን አዩ። ከኪሳቸው መሀረብ አወጡና "ይቺን በጉልበቶችሽ መሀል ያዢ። ወድቀሽ እስክትነሺ ከዚያ እንዳትወጣ" አሉኝ። ምንጣፉ ላይ ከቆምኩበት ወደ ጎን ወደቅኩ። መሀረቡ ወለሉ ላይ ነበር። "እንደገና" አሉኝ እሳቸውም።

እሳቸው የዘለሉት በክብ ጨርቅ ነው፣ መሣሪያና ጓዝ ተሸክመው። መቆም የሚባል ነገር አያውቁም፤ ማንም በእግሩ ለመቆም አይሞክርም፣ ሁሉም ወድቆ ነው የሚነሳው። ስለ ዓይንም ነገሩኝ። "መሬት እንዳታዪ። ካየሻት እግርሽን ትዘረጊላታለሽ። ፊት ለፊት እዪ፤ መሬቷ ራሷ ትመጣለች።" ስንት ጊዜ እንደዘለሉ ጠየቅኳቸው። "የበቃኝን ያህል" ብለው ስኒያቸውን አነሱ። ስለ ቀሪው መጠየቅ ከበደኝ፣ አልጠየቅኩም።

መሀረቡን ሰጡኝ። ቅዳሜ ወደ ጠጠር ጉድጓዱ ይዤው ሄድኩ። አሜሪካዊው ሽማግሌ ሲያዩት በጣም ነው የወደዱት፤ አሁን ለሌሎቹም ጀማሪዎች ይጠቀሙበታል። በዚህ ስፖርት ብዙ ውድ ዕቃ አለ፤ ከሁሉም የሚበልጥብኝ መሣሪያዬ ያ መሀረብ ነው። ብትስቁም ልንገራችሁ፣ ቤቴ ውስጥ ምንጣፍ ላይ፣ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ ማታ ከመተኛቴ በፊት፣ በግራ በቀኝ ወደቅኩ። ከታች ያለው ጎረቤቴ መጥቶ ደህና መሆኔን ጠይቋል።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን እንደ ልማዴ ትንሽ ከፍ ብዬ ሳብኩት። ጨርቁ ቆመና ጣለኝ። እግሬ ተጣብቆ ነበር። ባት፣ ታፋ፣ ዳሌ፣ ጀርባ። ተንከባለልኩና ተነሳሁ። ምንም አልሆንኩም። ጠጠር ጉድጓዱ ጋ ቆመው የነበሩት ሰውዬ እጃቸውን አነሱልኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማስረዳት ይከብደኛል። የምስበው ጊዜ ራሱ ተስተካከለ። ማንም ሳይቆጥርልኝ። ብወድቅም እንደማልሰበር ሰውነቴ ስላወቀ መጠበቅ ቻለ። ለአፍታ ብቻ ነው የሚጠበቀው፣ ግን ያቺ አፍታ ናት ሁሉም ነገር። አሁን ንፋስ ባለበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ በእግሬ ቆሜ ነው የማርፈው።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፤ የማትስማሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በዛሬው ሥልጠና ላይ መውደቅ ለይስሙላ ነው የሚሰጠው። ጨርቁ ስለተሻሻለ "ፍሌር ታደርጊያለሽ፣ ትቆሚያለሽ" ይባላል። ኤኤፍኤፍ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲመጣ ትልቅ ነገር ነበር፤ ግን የተማሪው ሐሳብ ሁሉ ያቺ የአንድ ደቂቃ ውድቀት ላይ ነው የሚሄደው። ከፍታ ማየት፣ ለአሰልጣኝ ምልክት መስጠት፣ በጊዜው መክፈት። ፓራሹቱ ሲከፈት ተማሪው ጭንቅላቱ ደክሟል። የሚጎዳው ግን ከዚያ በኋላ ባለው ክፍል ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ጀማሪ በስታቲክ ላይን ቢጀምር ይሻለዋል። ወጥቶ ይለቃል፣ ይከፈትለታል፣ ከዚያ ያለው ጊዜ ሁሉ መምራትና ማረፍ መማሪያ ነው። አሁን ብዙ ሜዳዎች ስታቲክ ላይን ትተውታል፤ ያሳዝነኛል። በአካባቢያችሁ የሚያስተምር ካለ ጠይቁ።

የንፋስ ዋሻውም፣ ከታች በሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ ላይ እየተንሳፈፉ የሚለማመዱበት ክፍል፣ እንዲሁ። ሰው ሁሉ "ዋሻ ግቢ፣ ዋሻ ግቢ" ይላል። ለሰውነት አያያዝ ጥሩ ነው፣ አልክድም፤ ውድ ነው፣ ለማረፍ ደግሞ የሚሰጣችሁ ነገር የለም።

ይህን ስል ግን ድሮ ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ ሁሉ ነገር ጣፋጭ ይመስላል። እሳቱ ሲቀዘቅዝ ግን ሌላውንም ያነሳሉ። ኦገስት 27 ቀን 1967 ኦሃዮ ውስጥ ከአሮጌ ቢ-25 የጦር አውሮፕላን 18 ሰዎች ከደመና በላይ ዘለሉ። የራዳር ተቆጣጣሪው ሌላ አነስተኛ አውሮፕላን ከእነሱ ጋር አምታትቶ ያሉበትን ቦታ አሳስቶ ነገራቸው። ከደመናው ሲወጡ ከታቻቸው ያገኙት ሜዳውን ሳይሆን ኢሪ ሐይቅን ነበር። 16ቱ ሰጠሙ። ይህን ሲናገሩ ከመካከላቸው የሚቀልድ የለም።

ቁጥሩም አለ። በ1970ዎቹ በአሜሪካ በየዓመቱ በአማካይ ከ40 በላይ ዘላይ ይሞት ነበር። በ2021 የሞቱት 10 ናቸው፤ ያውም ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ዝላይ ተደርጎ። ለዚህ ዕቃው ብዙ አድርጓል። ድሮ የተበላሸን ዋና ፓራሹት ከትከሻ ለመልቀቅ መጀመሪያ ሁለት የብረት ክዳን መክፈት፣ ከዚያ ከሥራቸው ያሉትን መሳቢያዎች በጣት መያዝ ነበረባቸው፤ እየተሽከረከሩ፣ ከፍታ እያለቀ። ቢል ቡዝ በ1970ዎቹ የሠራው ባለ ሦስት ቀለበት መልቀቂያ ያንን በአንድ መሳብ ጨረሰው። ሰው ራሱን ስቶ ቢወድቅ መጠባበቂያውን በራሱ የሚከፍተው ሳይፕረስ ደግሞ በ1991 መጣ። እኔ ያለ እሱ አልዘልም፣ ማንም እንዲዘል አልመክርም። ክንፍ የሆነውን ፓራሹት ያስገኘው የዶሚና ጃልበርት ሐሳብ ራሱ ካይት ከመሥራት የመጣ ነው፤ ያለ እሱ እኔ እዚህ ስፖርት ውስጥ የምኖር አይመስለኝም። ከሽማግሌዎቹ የምፈልገው ጨርቃቸውን አይደለም፤ መሬት ላይ የሚያጠፉትን ጊዜ ነው።

ለመጀመር ለምታስቡ የምለው ብዙ የለኝም። መውደቅ ተለማመዱ፤ ከዝላዩ በፊት፣ በዝላዩ ቀን፣ ከላይሰንሱ በኋላም። ፍሌሩን ከፍ ብላችሁ ከሳባችሁት እጃችሁን ወደ ላይ አትልቀቁ፤ ከለቀቃችሁት ጨርቁ ወደ ፊት ይወረወራል፣ መሬት ላይ ያጋጫችኋል። ባለበት ያዙት፣ እግር ግጠሙ፣ ውደቁ። ከቻላችሁ በየሜዳው ካሉ ሽማግሌዎች ጋር ቁጭ በሉ። ማታ ስለሚያወሩ የሰከሩ የሚመስለው ሰው አለ፤ የሚያውቁትን ግን አሰልጣኝ ሁሉ አያውቀውም።

ፓራሹታችሁን ለማሳነስ አትቸኩሉ። ይሄ ላይ ማንም ቢመጣ አልለወጥም። ጓደኞቼ ላይሰንስ ስላገኘሁ "ትልቁን ጨርቅ ተይውና አነስ ያለ ውሰጂ፣ ፍጥነቱ ደስ ይላል" ይሉኛል። ትንሽ ጨርቅ ፈጣን ነው፣ ሲዞርም ብዙ ከፍታ ይበላል። ዛሬ ከሚሞቱትና ከሚጎዱት ብዙዎቹ ፓራሹታቸው በትክክል ተከፍቶ ነው፤ ሲያርፉ። እኔ 260 ስኩዌር ጫማ የሚሰፋው ጨርቄ ላይ እቆያለሁ።

ያልተፈታልኝ ነገር አለ። ንፋስ የሌለበት ቀን አሁንም ያስቸግረኛል። ንፋስ ካለ ፊት ለፊት ሆኖ ያዘገየኛል። ከሌለ ግን ጨርቁ ያለውን ፍጥነት ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ፍሌሩ ጥሩ ቢሆንም ሮጬ ልጨርሰው ይገባል፣ ሩጫው ደግሞ ከተጣበቀ እግር ጋር ይጋጫል። መቼ እግር ገጥሜ እንደምወድቅ፣ መቼ እንደምሮጥ ገና በደንብ አለየልኝም። የፓራሹት አመራር ኮርስ በፀደይ እወስዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ የተማርኩትን እጽፋለሁ።

እስከዚያ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከእናንተ መሀል አየር ወለድ የነበረ፣ ወይም አባቱ ወይም አጎቱ የነበረ ካለ፣ ወደ ኋላ መውደቅን እንዴት ነበር የሚያለማምዷችሁ? ንፋስ ከፊት ገፍቶ ጀርባ ለመሬት ሲሆን ማለቴ ነው። ጋሼን ጠይቄያቸው "ያኔ ልጆች ነበርን፣ ሰውነት ይታዘዛል" ብለው አለፉኝ። በቀኝ በኩል ወደ ኋላ እወድቃለሁ፤ በግራ በኩል ግን መሀረቡ እስካሁን ይወድቅብኛል።